የሚናገር ድንጋይ፦ ከማያና ከአዝቴክ ሕንፃዎች እስከ ዘመናችን ግድብ

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት ሲባል የሚሰማ እንግዳ ነገሩ ስለ መልክዐ ምድር ብቻ የተነገረ ይመስለዋል፤ ኪቡሊ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ያስተዋለ ሰው ግን እያንዳንዱ ኮረብታ በተሸከመው ሕንፃ አማካይነት የራሱን ቃል እንደሚናገር ይረዳል። በናሚሬምቤ ላይ በ1919 የተፈጸመው የእንግሊካን ካቴድራል፣ በሩባጋ ላይ በ1925 የተመረቀው የካቶሊክ ካቴድራል፣ በኪካያ ላይ በ1961 የተከፈተው የባሃኢ ቤተ ጸሎት፣ በዚሁ በኪቡሊም ላይ ልዑል ባድሩ ካኩንጉሉ ከርስታቸው ቆርሰው በሰጡት መሬት በ1940ዎቹ ዓመታት ሲሠራ የቆየው መስጊድ፣ ሁሉም ምእመናናቸውን ለጸሎት ከመሰብሰባቸው አስቀድመው፣ ገና በሩቁ ለሚያያቸው ሁሉ «እኛ እዚህ አለን» የሚል ዐዋጅ ያሰማሉ። በአሮጌው ካምፓላ ኮረብታ ላይ የቆመው ታላቅ መስጊድ ደግሞ የዐዋጁ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሊያጠያይቅ እንደሚችል ያስረዳል፤ በኢዲ አሚን ዘመን ተጀምሮ፣ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ፣ በኋላም በሊቢያ ገንዘብ ከተፈጸመ ወዲህ የጋዳፊ መስጊድ ሲባል ከኖረ በኋላ፣ ገንዘብ ሰጪው ከሥልጣንም ከሕይወትም ሲለዩ ስሙ ተለውጦ የኡጋንዳ ብሔራዊ መስጊድ ተብሏልና።

በዘመናችን እንዲህ ያለውን ዐዋጅ የማሰናዳቱ ሥራ ከሕንፃው ተለይቶ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ከኪቡሊ ግርጌ በክሎክ ታወር በኩል በጃፓን ብድር እንደ ተሠራው የማሳለጫ ድልድይ ያለ ታላቅ ሥራ ሲታቀድ መሐንዲሱና ሒሳብ ዐዋቂው ብቻ ሳይሆኑ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛውም አብሮ ይሰለፋል፤ የዚህም ሰው ተግባር ሥራው ስለ ምን እንዳስፈለገ፣ ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ቤቱ የሚፈርስበት ወይም ሱቁ የሚዘጋበት ሰው ምን ካሣ እንደሚያገኝ ለሕዝብ መንገር፣ የሕዝቡንም ቃል መልሶ ለአሠሪዎቹ ማድረስ ነው። የሙያው ስም አዲስ ይሁን እንጂ ተግባሩ ጥንታዊ ነው፤ ጋዜጣና ራዲዮ ባልነበሩበት ዘመን ነገሥታት ይህን አገልግሎት ያገኙት ከቀራፂና ከሠዓሊ ነበር፤ የዚህም ነገር እጅግ ግልጽና እጅግ አስተማሪ የሆነው ምሳሌ ከውቅያኖስ ማዶ በመካከለኛው አሜሪካ ከነበሩት ከማያና ከአዝቴክ ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል። ከእነርሱ ታሪክ የምንማረው ዋና ነገር ኪነ ጥበብ ታላቅን ሕንፃ ለሕዝብ ዐይን ሊያስወድድ እንደሚችል፣ ነገር ግን የሕዝብን ቃል ያልሰማ አሠሪ የሠራውን ጥፋት ሊሸፍን እንደማይችል ነው። በሚከተለው ሐተታ «ዓ.ም.» የተባለላቸው ዘመናት በራሳችን አቆጣጠር፣ ሌሎቹ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መነገራቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ማያና አዝቴክ ብዙ ጊዜ በአንድነት ስለሚጠሩ አንድ ሕዝብ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በዘመንም በሀገርም የተለያዩ ናቸው። ማያዎች ዛሬ ደቡባዊ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ቤሊዝ፣ ምዕራባዊ ሆንዱራስና ኤል ሳልቫዶር በሚባሉት ሀገሮች የኖሩ፣ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ በሚሊዮን እየተቈጠሩ በማያ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሕዝብ ናቸው፤ ሥነ ጥበባቸው እጅግ የከበረበት ዘመን ከ250 እስከ 900 ድረስ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አንድ ንጉሠ ነገሥት አልነበራቸውም፤ ቲካል፣ ካላክሙል፣ ፓሌንኬና ኮፓን የተባሉት ከተሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ንጉሥ እየተገዙ አንዱ ከሌላው ጋር ይወዳጅና ይዋጋ ነበር። አዝቴኮች ግን ከዚያ እጅግ ዘግይተው በ1325 በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ቴኖችቲትላንን ቈረቈሩ፤ በ1521 በስፔኖች እስከ ተደመሰሱበት ጊዜ ድረስም ብዙ ሕዝብ ያስገብሩ ነበር፤ የዛሬይቱ የሜክሲኮ ከተማ የቆመችው በዚህች ከተማ ፍርስራሽ ላይ ነው።

ሁለቱም ሕዝቦች የብረት መሣሪያ፣ የጭነት ከብትና የሚጐተት ጋሪ ሳይኖራቸው ተራራ የሚያህል ሕንፃ ሠርተዋል፤ ድንጋዩን የጠረቡት በሌላ ድንጋይና በባልጩት፣ ያጓጓዙት በሰው ትከሻና በገመድ ነበር። ማያዎች የኖራ ድንጋይ በብዙ እንጨት እያቃጠሉ ግንቡን ይለስኑት፣ በልስኑም ላይ የአማልክትና የነገሥታት ፊት ያወጡበት፣ ቀይ ቀለምም ይቀቡት ነበር፤ ከኢንዲጎ ተክልና ከልዩ ዓይነት ሸክላ አፈር አዋሕደው ያወጡት ሰማያዊ ቀለምም ከሺህ ዓመት በላይ ዝናብና ሙቀት ሲፈራረቅበት ቆይቶ እስካሁን አልለቀቀም። በቦናምፓክ በ790 ገደማ በሦስት ክፍሎች ግድግዳ ላይ የተሣለው ሥዕል መለከት የሚነፉትን፣ የሚዋጉትን፣ ግብር የሚያቀርቡትንና የሚማረኩትን ሁሉ ከነልብሳቸው ስለሚያሳይ፣ የአንድን ቤተ መንግሥት ሥርዐት እንደ ዜና መዋዕል የሚተርክ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ጽሑፋቸው ነው። ማያዎች እያንዳንዱ ዓመት ሦስት መቶ ስድሳ ቀን ሆኖ በሚቈጠር የሃያ ዓመት ዘመን ፍጻሜ ላይ ሐውልት ያቆሙ ነበር፤ በሐውልቱም ላይ የንጉሡን መልክ ከፊት ቀርፀው፣ በጐኑ ቀኑን፣ ስሙን፣ የወላጆቹን ስም፣ ድል ያደረገውን ጠላትና ያከበረውን በዓል ይጽፉበት ነበር። ሊቃውንት ብዙ ዘመን ይህ ጽሑፍ ስለ ከዋክብትና ስለ ዘመን ቈጠራ ብቻ የሚናገር ይመስላቸው ነበር፤ በ1952 የሶቪየቱ ዩሪ ክኖሮዞቭ ምልክቶቹ ድምፅ እንዳላቸው ካሳየ፣ በ1960ም በሕንፃ ንድፍ ሙያ የሠለጠነችው ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ የፒዬድራስ ኔግራስን ሐውልቶች መርምራ የነገሥታት ልደት፣ ንግሥናና ድል የተጻፈባቸው መሆኑን ካስረዳች በኋላ ግን ድንጋዮቹ ታሪክ መናገር ጀመሩ። በዚያችው በፒዬድራስ ኔግራስ ቀራፂዎች በሥራቸው ላይ የየራሳቸውን ስም ጽፈው መገኘታቸው ደግሞ በጥንቱ ዓለም ብዙም የማይታይ ክብር ነው፤ ንጉሡ የሚናገርበትን ድንጋይ የጠረበው እጅ ስሙ እንዲታወቅለት ተፈቅዶለት ነበርና።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በአክሱም ያሉት ታላላቅ ሐውልቶች በራቸው፣ መስኮታቸውና ወለላቸው ሁሉ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ባለ ብዙ ደርብ ሕንፃን ስለሚመስሉ፣ ሕንፃን በድንጋይ የማወጁ ጥበብ በሀገራችን የታወቀ ነበር፤ በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት ሲኖረው፣ ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ደግሞ 33 ሜትር ያህላል። ማያዎች ካቆሟቸው ሁሉ የሚበልጠው በኪሪጓ ያለው ሐውልት ግን በምድር ውስጥ ካለው ክፍሉ ጋር 10 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በመጠን የአክሱሙ ይበልጣል፤ በአነጋገር ግን ልዩነታቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ጽሑፍ የሌለባቸው ዝምተኞች ሲሆኑ የማያው ከእግር እስከ ራሱ በቃል የተሞላ ነው። አክሱማዊው ንጉሥ ኢዛና ቃሉን ለሕዝብና ለእንግዳ ማሰማት በፈለገ ጊዜ በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ አጻጻፍ በሌላ ድንጋይ ላይ አስቀርጾታል።

የሕንፃ ዐዋጅ ምን ያህል ኀይል እንዳለውና ኀይሉም እስከ የት እንደሚደርስ በኮፓን ታሪክ በግልጽ ይታያል። በዛሬይቱ ሆንዱራስ ውስጥ የነበረችው ይህች ከተማ በአሥራ ሦስተኛው ንጉሥዋ በዋሻክላሁን ኡባህ ቃዊል ዘመን በሥነ ጥበብ እጅግ ገንና ነበር፤ ነገር ግን በ738 ለእርሷ ትገብር የነበረችው የትንሿ የኪሪጓ ገዢ ተነሥቶ ያንን ንጉሥ ማረከው፤ አንገቱንም ቈረጠው። ከዚህ ውርደት በኋላ በኮፓን ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ታላቅ ሐውልት አልቆመም። በ750ዎቹ ዓመታት ግን አሥራ አምስተኛው ንጉሥ ከሁለት ሺህ በላይ ምልክቶች የተቀረጹበትን ባለ ጽሑፍ ደረጃ አስፈጸመ፤ ይህም በማያዎች ዓለም ከታወቁት ጽሑፎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ጽሑፉ የቀደሙትን ነገሥታት በተራ እየጠራ የሥርወ መንግሥቱን ክብር ሲያድስ፣ በደረጃው መካከል የተቀመጡት የነገሥታት ምስሎች ደግሞ ጦረኛ መስለው ይታያሉ፤ የተዋረደ ቤተ መንግሥት «ዘራችን አልጠፋም፤ ክብራችንም አልተሰበረም» ብሎ ለሕዝቡ የሚናገርበት ቋንቋ ይህ ነበር። የከተማይቱን ፍርስራሽ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚነግሩን ግን ከዚህ ከሚያበራው ገጽ በስተኋላ ያለው ግንብ በልልና በደካማ ሙሌት የተሠራ ስለ ነበር ደረጃው ከጊዜ በኋላ ተንዷል። በ776 የመጨረሻው ታላቅ ንጉሥ ያሽ ፓሳህ በአንድ መሠዊያ ዙሪያ አሥራ ስድስቱን ነገሥታት አስቀረጸ፤ የሥርወ መንግሥቱ መሥራች የሥልጣን በትሩን ለእርሱ ሲሰጠው ይታያል፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የነገሥታቱ ዘር ተቋረጠ፤ ከተማይቱም ባዶ ቀረች። ጽሑፍ የሚያምረውን ያህል መሠረት ካልጸና ዕድሜው አጭር ነው።

አዝቴኮች ይህንኑ ጥበብ ወደ ሌላ ጠባይ አዞሩት። በቴኖችቲትላን መካከል የነበረው ታላቁ ቤተ ጣዖት በሰባት ጊዜ ሥራ እየተደረበበት ያደገ ሲሆን፣ በ1487 በአዊጾትል ዘመነ መንግሥት የተመረቀበት በዓል በታሪካቸው ሁሉ ከታወቁት ክብረ በዓሎች የሚበልጥ ነበር። በአሥራ ስድስተኛው ምእተ ዓመት የጻፈው የዶሚኒካን መነኵሴ ዲዬጎ ዱራን እንደሚተርከው፣ ንጉሡ በጦርነት ይዋጋቸው የነበሩትን የጠላት መንግሥታት መኳንንት ሳይቀር በስውር ጠርቶ፣ በዳስ ውስጥ ተሰውረው መሥዋዕቱን እንዲያዩ ካደረጋቸው በኋላ ስጦታ ሰጥቶ አሰናብቷቸዋል። ዱራን የተሠዉትን ሰዎች ቁጥር 80,400 ያደርሰዋል፤ የዛሬ ሊቃውንት ይህ ሊሆን የማይችል ግነት ነው ይላሉ። ቁጥሩ እንዲህ ተጋኖ መነገሩ ራሱ የበዓሉን ዓላማ ያስረዳል፤ ሕንፃው የተመረቀው እንዲወደድ ሳይሆን እንዲፈራ ነበርና። የቅርጹም ሥራ ከዚህ ጋር የተስማማ ነው፤ ዊጺሎፖችትሊ የተባለው ጣዖት እኅቱን ኮዮልሻውኪን ገድሎ ከተራራ ላይ ወረወራት በሚለው አፈ ታሪክ መሠረት፣ በደረጃው ግርጌ እጅ እግሯ የተቈራረጠ የዚህች ሴት ምስል በትልቅ ክብ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተቀምጦ ነበር። ዲያሜትሩ 3.25 ሜትር የሆነው ይህ ድንጋይ በ1978 የመብራት ኀይል ሠራተኞች ለኤሌክትሪክ መሥመር ሲቈፍሩ ተገኘ፤ በዚያም ምክንያት በኤድዋርዶ ማቶስ ሞክቴሱማ መሪነት የቤተ ጣዖቱ ፍርስራሽ በሰፊው ተቈፈረ።

የዚሁ የአዊጾትል ሌላ ሥራ ግን ስለ ታላላቅ ግንባታዎችና ስለ ሕዝብ ቃል ለሚያስብ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ከተማይቱ በሕዝብ ብዛት ውሃ ስለ ጠበባት ንጉሡ በኮዮአካን ምድር ያለውን የአክዌክዌሻትልን ምንጭ በቦይ ለማምጣት ቈረጠ። የኮዮአካን ገዢ ጾጾማ ግን ምንጩ አንዳንድ ጊዜ በድንገት እየሞላ የሚፈስ መሆኑን የሚያውቅ የሀገሩ ሰው ነበረና ውሃው ከተማይቱን ያጠፋታል ብሎ አስጠነቀቀ። ንጉሡ ምክሩን እንደ እምቢታ ቈጥሮ አስገደለው፤ ቦዩንም በብዙ ሺህ ሰው ጕልበት አስፈጸመ። በ1499 ውሃው ወደ ከተማ በገባ ጊዜ ካህናተ ጣዖት የውሃ እመቤት መስለው ለብሰው፣ ድርጭት እየሠዉ፣ ዕጣን እያጠኑ፣ በዘፈንና በመለከት ተቀበሉት፤ ንጉሡም መልኩንና የዘመኑን ምልክት በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ይህ ድንጋይ ዛሬም በሜክሲኮ ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ይታያል። ነገር ግን ውሃው ሟቹ እንደ ተናገረው ሞልቶ መጣ፤ በሐይቁ ላይ የተደለደሉትን የአትክልት ቦታዎችና ብዙ ቤቶች አጠፋ፤ ምንጩን ለመዝጋት የቴሽኮኮው ገዢ ኔሳዋልፒሊ ምክርና ርዳታ አስፈለገ፤ ከተማይቱም ብዙ ክፍሏ እንደ ገና ተሠራ። አንዳንድ ታሪክ እንደሚለው አዊጾትል ራሱ ከጐርፉ ሲሸሽ ጭንቅላቱን ከበር መቃን ጋር ተመትቶ በ1502 በዚሁ ምክንያት ሞተ። ቅርጹ ድንቅ ነው፤ በዓሉም ደማቅ ነበር፤ የጐደለው አንድ ሰው የተናገረውን እውነት መስማት ብቻ ነበር።

ሜክሲኮ በሃያኛው ምእተ ዓመት ይህን የአያቶችዋን ልማድ በአዲስ መልክ አንሥታለች። በ1951 ከሌርማ ሸለቆ ተራራ ተፈልፍሎ ወደ ዋና ከተማዋ ውሃ በመጣ ጊዜ፣ መንግሥት ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ በቻፑልቴፔክ ባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ግድግዳውን እንዲሥል፣ ከደጁም የጥንቱን የዝናብ አምላክ የትላሎክን ግዙፍ ምስል እንዲሠራ አዘዘው። ሪቬራ ውሃው በሚገባበት ዋሻ አፍ ላይ ሁለት ታላላቅ እጆች ሲሥል፣ በዙሪያው የቈፈሩትን ሠራተኞችና መሐንዲሶቹን አስገባ፤ ይህም ለሠራተኛው የተከፈለ ተገቢ ክብር ነው። ሥዕሉ ያላሳየው ግን ውሃቸው የተወሰደባቸውን የሌርማ ሐይቆች መድረቅና በእነርሱ ይኖር የነበረውን ሕዝብ ችግር ነው። በ1964 ደግሞ 167 ቶን ያህል የሚመዝነውን የትላሎክን ሐውልት ከኮአትሊንቻን መንደር ወደ አዲሱ ሙዚየም ለመውሰድ በተሞከረ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች ተቃውመው የማጓጓዣውን መኪና አበላሹት፤ ወታደር ገብቶ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ የመሰለው ተስፋ ተሰጥቶ ሐውልቱ ተወሰደ፤ ለመንደሩም ምስለ ሐውልት የተሠራለት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 ነው።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። ሜክሲኮ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ወረራውን ያልተቀበለች ሀገር ስለ ነበረች፣ አዲስ አበባ የሜክሲኮን አደባባይ በስሟ ሰይማለች፣ የሜክሲኮ ከተማም በአንጻሩ የኢትዮጵያ አደባባይና በስሟ የሚጠራ የባቡር ጣቢያ አላት፤ በ2010ም ከማያና ከአዝቴክ አስቀድሞ የነበረው የኦልሜክ ሕዝብ የቀረጸው የግዙፍ ራስ ቅጅ ለኢትዮጵያ ተበርክቶ በዚሁ በሜክሲኮ አደባባይ ቆመ። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ አደባባዩ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ ተቈፈረ፤ የባቡሩም አገልግሎት መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ።

በዚያ ግንባታ ወቅት ለሕዝብ ልብ እጅግ የቀረበው ጉዳይ ግን የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነበር። የሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሰማዕት የሆኑት የእኒህ ጳጳስ ሐውልት፣ ባቡሩ በምድር ውስጥ በሚያልፍበት ስፍራ ላይ ስለ ነበረ፣ በ2005 ዓ.ም. ከስፍራው ተነሥቶ እንዲቀመጥ ሲወሰን በሕዝብ ዘንድ ብዙ ሐዘንና ጥርጣሬ ተነሣ፤ ባለሥልጣኖች ሥራው ሲፈጸም ሐውልቱ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ቃል ገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተመለሰ። ከኮአትሊንቻን ታሪክ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ልዩነት ይህ ነው፤ እዚያ የተሰጠው ቃል ከሐውልቱ መወሰድ ጋር የተያያዘ ካሣ ሲሆን፣ እዚህ የተሰጠው ቃል የመመለስ ቃል ነበር፤ ቃሉም ስለ ተጠበቀ ጥርጣሬው በጊዜው ረገበ። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ዋጋው የሚታወቀው ከመግለጫው ድምቀት ሳይሆን ከቃሉ መፈጸም እንደ ሆነ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አያስፈልግም።

ኪቡሊ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ተጕዘን በጂንጃ አጠገብ ዐባይ ከሐይቅ ወጥቶ ጥቂት በወረደበት ስፍራ የቡጃጋሊን ግድብ ስናይ ሌላውን ገጽ እናገኛለን። በዚያ የነበረው ፏፏቴ በባሶጋ ሕዝብ እምነት የቡጃጋሊ መንፈስ ማደሪያ ነበር። በመጀመሪያ ሥራውን ይዞ የነበረው የአሜሪካን ኩባንያ በ2003 ከተወው በኋላ ሌላ ማኅበር ተረክቦ በ2012 አስመርቆታል፤ ኀይሉም 250 ሜጋዋት ነው። ሁለቱም ባለ ሥራዎች መንፈሱን ከፏፏቴው ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር ባህላዊ ሥርዐት እንዲፈጸም አድርገው ነበር፤ ነገር ግን የመንፈሱ ጠባቂ ነኝ የሚለው ሰው በዚያ ሥርዐት አልተስማማም። የዓለም ባንክ መርማሪ ጉባኤም ጉዳዩን መርምሮ ባህላዊና መንፈሳዊ የሆነው ነገር በሚገባ ባለመታየቱ ወቀሳ አቅርቧል። አንድ መሐንዲስ በመንፈስ ማመን አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ፏፏቴው ለጐረቤቱ ምን እንደ ሆነ የማወቅ ግዴታ አለበት፤ ሥርዐት ማስፈጸምና ሰውን መስማትም አንድ ነገር አይደሉም።

በሀገራችን ታሪክ ከዐዋጅ ይልቅ በራስ ድካም የተነገረ የግንባታ ዜናም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጕዙ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል መንገድ ሲቀይሱ፣ ከንጋት እስከ ማታ በራሳቸው እጅ ድንጋይ እያነሡ መሬቱን ሲያስተካክሉ መታየታቸውን የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል። ንጉሥ ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ሲያነሣ የማይነቃቃ ሠራዊት አይገኝም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ በቃጠሎና በዘረፋ ከንጉሡ ልቡ ርቆ ስለ ነበር፣ መንገዱ ምንም እንኳ ቢፈጸም የተሠራለት መንግሥት አልጸናም።

የዘመናችን ታላቅ ምሳሌ እንግዲህ የሕዳሴው ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ገንዘቡን ከውጭ ማግኘት ስላልተቻለ የሕዝብ ግንኙነቱ ሥራ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሲሚንቶ አስፈላጊ ሆነ፤ ያለ እርሱ ግድቡ ሊቆም አይችልም ነበርና። ሠራተኛው ከደመወዙ ቦንድ ገዛ፤ ተማሪውና ነጋዴው በ8100 አጭር የስልክ መልእክት ገንዘብ ላከ፤ የሕዳሴው ዋንጫ ከክልል ወደ ክልል እየተዘዋወረ ሕዝቡን ሰበሰበ፤ ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ስመኘው በቀለም ግድቡ ወዳለበት ወደ ጉባ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ እየተቀበሉ ስለ ሥራው ያስረዱ ስለ ነበር፣ ለብዙ ሰው የግድቡ ፊት እርሳቸው ሆኑ። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊም የድርሻውን አዋጥቷል። ይህ ሁሉ በአዊጾትል ዘመን እንደ ነበረው በግዳጅ ሥራና በሚያስፈራ በዓል ላይ ሳይሆን በሕዝብ ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑ ታላቅ ልዩነት ነው።

ነገር ግን ያም ዐዋጅ ጕድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ግድቡ በመጀመሪያ ከተነገረው ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በብረታ ብረቱ ሥራ የነበረው መዘግየት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አንደበት ለሕዝብ የተነገረው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት መግለጫዎች ግን የሥራውን መፋጠን እንጂ መሰናክሉን ብዙም አያነሡም ነበር። ገንዘቡን ያዋጣ ሕዝብ መልካሙን ዜና ብቻ ሳይሆን ክፉውንም በጊዜው የመስማት መብት አለው፤ ክፉው ዜና በጊዜው ሲነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ከባለሥልጣን ይልቅ በትዕግሥት እንደሚቀበለው ከዚህ ግድብ ታሪክ መረዳት ይቻላል፤ መዘግየቱ ከታወቀ በኋላም መዋጮው አልተቋረጠምና።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ኪነ ጥበብ ያለው ስፍራ የተናቀ አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ በ1961 ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል፣ ሕንፃው ስለ ምን እንደ ተሠራ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ለተመልካች ያስረዳል፤ ሪቬራ የሣላቸው ቈፋሪዎችና በፒዬድራስ ኔግራስ ስማቸውን የጻፉት ቀራፂዎችም፣ ሥራ የሠሪው መሆኑን ያስታውሳሉ። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች በኋላ ለታላላቅ ግንባታ አሠሪዎች የማቀርበው ፍርድ ይህ ነው፦ ሥዕሉ ይሣል፤ ሐውልቱም ይቁም፤ ነገር ግን ከድንጋዩ በፊት ንግግሩ ይቅደም። ቤቱ የሚፈርስበት ሰው መግለጫውን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ይስማ፤ የሚነገረውም ጥቅሙ ብቻ ሳይሆን ዋጋውና ጕዳቱ ጭምር ይሁን፤ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም ቃልን ወደ ታች የሚያወርድ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም የሚያደርስ፣ ያደረሰውም ቃል ንድፉን ለመለወጥ ኀይል ያለው ይሁን፤ እንደ ጾጾማ ያለ ሀገሩን የሚያውቅ ሰው «ይህ ውሃ ያጠፋናል» ሲል ጠላት ተብሎ አይቈጠር።

ለአንባቢም የምለው አለኝ። በካምፓላም በአዲስ አበባም፣ በጐንደርም በባሕር ዳርም፣ አጥር ታጥሮ ትልቅ ሰሌዳ የተሰቀለበትን የግንባታ ስፍራ ባየን ጊዜ የተቀባውን ሥዕል አድንቀን ብቻ አንለፍ፤ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደሚፈጸም፣ ከስፍራው የተነሡት ወዴት እንደ ሄዱ፣ አቤቱታ የሚቀበለውም ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ስናገኝ እናመስግነው፤ ካላገኘን ግን መልስ እስኪገኝ ድረስ መጠየቃችንን አንተው።